ጉድ ሞርኒንግ ለዴድሊፍት ማጠናከሪያ፦ ከዱላ ልምምድ እስከ ባር፣ ደረጃ በደረጃ

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በእንጅባራ ጂሞች ዴድሊፍት (ክብደት የተጫነበትን የብረት ዘንግ፣ ማለትም ባር፣ ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም) የሚሠሩ ሰዎችን ከጎን ሆኖ የተመለከተ ሰው፣ ክብደቱ እየጨመረ ሲሄድ አንድ ዓይነት ስሕተት ደጋግሞ ያያል። ባሩ ከመሬት ሳይላቀቅ ዳሌ ቀድሞ ወደ ላይ ይነሣል፤ ደረት ወደ ታች ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በጎበጠ ወገብ ላይ ይወድቃል። ብዙዎች መፍትሔው ዴድሊፍትን አብዝቶ መሥራት ይመስላቸዋል። እኔ ግን ጀርባው ቅርጹን ጠብቆ መቆየት ያልቻለ ሰው ያንኑ እንቅስቃሴ በደጋገመ ቁጥር ያንኑ ስሕተት እያጠናከረ እንደሚሄድ አምናለሁ። ለዚህ ችግር የሚበጀው ረዳት ልምምድ ጉድ ሞርኒንግ ነው፤ ይህ መመሪያም ልምምዱን ከባዶ እጅ ጀምሮ እስከ ባር ድረስ እንዴት መማር እንደሚገባ ያብራራል።

ልምምዱ ምን ይሠራል?

ጉድ ሞርኒንግ ማለት ባሩን በላይኛው ጀርባ ላይ ተሸክሞ፣ ጉልበትን በመጠኑ ብቻ አጥፎ፣ ጀርባን ቀጥ እንዳደረጉ ከዳሌ ላይ ወደ ፊት ማጎንበስና በዳሌ ኃይል መልሶ መቆም ነው። የሚንቀሳቀሰው ዳሌ ብቻ ነው። የመቀመጫና የጭን ኋላ ጡንቻዎች ሲወርዱ እየተለጠጡ ሲነሡ እየተኮማተሩ ይሠራሉ፤ በአከርካሪ ግራና ቀኝ የተዘረጉት የጀርባ ጡንቻዎች ደግሞ ርዝመታቸውን ሳይለውጡ አከርካሪውን አጽንተው ይይዛሉ። ይህ የኋለኛው ሥራ በትክክል ዴድሊፍት የሚጠይቀው ነው። ስለዚህ ጉድ ሞርኒንግን ወገብን እያጠፉና እየዘረጉ የሚሠሩት የወገብ ልምምድ አድርጎ ማየት ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው፤ ጉዳትም የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ አስተሳሰብ ነው።

ክብደቱ ለምን ቀላል መሆን እንዳለበት በቁጥር መረዳት ይቻላል። ከዳሌ መገጣጠሚያዎ እስከ ባሩ ያለው ርዝመት 50 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ባሩ ከዳሌዎ በላይ በቀጥታ ስለሚሆን ወደ ፊት የሚጎትትዎ ኃይል አነስተኛ ነው። በ45 ዲግሪ ሲያጎነብሱ ባሩ ከዳሌዎ በአግድም 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጀርባዎ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ርቀቱ ሙሉ 50 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ያው 40 ኪሎ ግራም በወረዱ ቁጥር በዳሌና በወገብ ላይ እየከበደ ይሄዳል ማለት ነው። በዴድሊፍት ግን ባሩ ከእጅ ላይ ተንጠልጥሎ እግርን እየታከከ ስለሚወጣ ለዳሌ ይቀርባል። በዴድሊፍት 120 ኪሎ ግራም የሚያነሣ ሰው በጉድ ሞርኒንግ በ40 ኪሎ ግራም በቂ ሥራ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ቁጥር ማንንም ሊያሳፍር አይገባም።

ከመጀመርዎ በፊት

ወገብ ላይ ተነሥቶ በመቀመጫ በኩል ወደ እግር የሚወርድ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም የዲስክ ችግር ታሪክ ያለበት ሰው ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሳያማክር ይህን ልምምድ መጀመር የለበትም። ጤነኛ የሆነ ሰውም ቢሆን ሰውነቱን ሳያሟሙቅ ባር ትከሻው ላይ መጫን የለበትም። ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1970 ሰውነቱን በበቂ ሁኔታ ሳያሟሙቅ ይህንኑ ልምምድ ሠርቶ ወገቡን ክፉኛ እንደጎዳና ለወራት ከልምምድ እንደራቀ በሕይወት ታሪኩ ተደጋግሞ ይነገራል፤ እንደ እሱ ያለ በአካል ብቃቱ የታወቀ ሰው ከደረሰበት ሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

የማሟሟቂያው ርዝመት እንደ ቦታውና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። በሞቃታማው የጣና ዳር ከሰዓት በኋላ ለሚሠራ ሰው 10 ደቂቃ ፈጣን እርምጃና የዳሌ ማፍታቻ ይበቃው ይሆናል፤ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ብርድ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ለሚሠራ ግን 15 ደቂቃ እንኳ ብዙ አይደለም፣ ሹራብንም ላብ እስኪጀምር ድረስ አለማውለቅ ይመረጣል። በተጨማሪም ከእንቅልፍ በተነሡ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ሌሊቱን በወሰዱት ፈሳሽ ስለሚያብጡ ወገብ በማጎንበስ ጊዜ ይበልጥ ይጨነቃል፤ ስለዚህ ማለዳ የሚሠሩ ሰዎች ከአልጋ ተነሥተው ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ መልካም ነው።

ስለ ዕቃውም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ደረጃውን የጠበቀ የወንዶች ባር 20 ኪሎ ግራም፣ የሴቶች ባር 15 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በየከተማው በብየዳ ቤት የተሠሩ ባሮችና በሲሚንቶ የተሞሉ ክብደቶች ግን የተጻፈባቸውን ያህል ላይመዝኑ ይችላሉ፤ በዚያ ላይ ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነ ክብደት በሌላ ልምምድ ብዙ ባይታወቅም፣ ጀርባ አጎንብሶ በሚቆምበት በዚህ ልምምድ ሰውነትን ወደ አንድ ወገን ያጣምማል። ባሩንና ክብደቶቹን አንድ ጊዜ እህል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ መዝኖ ትክክለኛውን ቁጥር በቀለም መጻፍ ለጂሙ ባለቤትም ለሠልጣኙም ይጠቅማል። ጫማው ጠፍጣፋና ጠንካራ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ይሁን፤ ለሩጫ የተሠራ ወፍራምና ለስላሳ ሶል ሚዛን ያሳጣል።

ደረጃ አንድ፦ ከዳሌ መታጠፍን በግድግዳ መማር

ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው፣ ተረከዝዎን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ እግርዎን በዳሌ ስፋት ከፍተው ይቁሙ። ጉልበትዎን በትንሹ ይልቀቁትና ከዚያ በኋላ አይለውጡት። አሁን ደረትዎን ወደ ታች ለማውረድ ሳያስቡ መቀመጫዎን ወደ ኋላ ገፍተው ግድግዳውን ይንኩ። ደረትዎ ራሱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ እርስዎ ግን ማሰብ ያለብዎት ስለ መቀመጫዎ ብቻ ነው። ሲነኩ ተመልሰው ይቁሙ፣ ጥቂት ወደ ፊት ራመድ ይበሉና ይድገሙት። ግድግዳውን ለመንካት ጉልበትዎን ይበልጥ ማጠፍ ወይም ወገብዎን ማጉበጥ ግድ የሚሆንበት ርቀት ላይ ሲደርሱ፣ ለጊዜው የዳሌዎ መጨረሻ እዚያ ነው።

ይህን ደረጃ ማንም ሰው እንዳይዘለው አጥብቄ እመክራለሁ። በየቀኑ በቤት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር 10 ድግግሞሽ እየሠሩ አንድ ሳምንት መቆየት ይገባል። የጭን ኋላ ጡንቻዎ እንደተወጠረ ገመድ ሲሰማዎት እንቅስቃሴውን አግኝተውታል፤ ውጥረቱ ወገብ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን ገና አላገኙትም።

ደረጃ ሁለት፦ ዱላ በአከርካሪ ላይ

ለዚህ ደረጃ ጎጃም ውስጥ ከየቤቱ የማይጠፋው ቀጥ ያለ ዱላ ከማንኛውም የጂም ዕቃ ይበልጣል። ዱላውን ከጀርባዎ ላይ ወደ ታች አድርገው፣ አንዱን እጅ በማጅራትዎ በኩል ሌላውን በወገብዎ በኩል አሳልፈው ይያዙት። ዱላው ሦስት ቦታ መንካት አለበት፤ የራስ ቅልዎን ኋላ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ያለውን የጀርባ ክፍል፣ እና ከወገብ በታች በመቀመጫ መካከል ያለውን አጥንት። በወገብዎና በዱላው መካከል የእጅ መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኖራል፤ ይህ ተፈጥሯዊው የወገብ ቅርጽ ነው።

በግድግዳው እንደተማሩት መቀመጫዎን ወደ ኋላ እየገፉ በዝግታ ይውረዱ። ዱላው ከራስዎ ከተለየ አንገትዎን አቀርቅረዋል፤ ከታችኛው አጥንት ከተለየ ወገብዎ ጎብጧል፤ በወገብ በኩል ያለው ክፍተት ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ ወገብዎን ወደ ውስጥ አጉብጠዋል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሲለወጥ ያቁሙ፤ የእርስዎ የአሁኑ ጥልቀት ከዚያ ነጥብ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው ነው። ጓደኛ ከጎን ሆኖ በስልክ ቪዲዮ ቢቀርጽልዎ ይህን ነጥብ በዓይንዎ ያዩታል፤ ሰውነት ለራሱ የሚሰጠው ግምት ብዙ ጊዜ ከቪዲዮው ጋር አይስማማም። ጀርባቸው ከመሬት ጋር ትይዩ እስኪሆን የሚወርዱ ሰዎች አሉ፤ የጭን ኋላ ጡንቻቸው ያጠረ ሰዎች ደግሞ ከ50 ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ መውረድ አይችሉም። ሁለቱም ከልምምዱ ይጠቀማሉ፤ የማይጠቀመው የሌላውን ጥልቀት ለማግኘት ወገቡን የሚያጎብጥ ሰው ነው።

ደረጃ ሦስት፦ ዱላ በትከሻ ላይ፣ ትንፋሽን መያዝ

አሁን ዱላውን ባሩ ወደሚቀመጥበት ቦታ ያዛውሩት። የገጠር ሰው መንገድ ሲሄድ እንደሚያደርገው በማጅራት ላይ አጋድሞ ክንድን ማንጠልጠል እዚህ አይሠራም፤ ዱላው ከአንገት አጥንት በታች፣ ትከሻዎች ወደ ኋላ ሲሰበሰቡ በሚፈጠረው የጡንቻ ጉብታ ላይ መቀመጥ አለበት። እጆችዎ ከትከሻ ጥቂት ሰፋ ብለው ይያዙት፤ ክርንዎን ወደ ታች እየሳቡ ዱላውን ወደ ጀርባዎ ይጫኑት። ይህ መጫን በኋላ ባሩ ወደ አንገት እንዳይንከባለል የሚያደርገው ብቸኛ ነገር ስለሆነ ክብደት በሌለበት ጊዜ ልማድ መሆን አለበት።

ትንፋሽ ከዚህ ደረጃ ጀምሮ የእንቅስቃሴው አካል ይሆናል። ከመውረድዎ በፊት ደረትን ሳይሆን ሆድንና ጎንን የሚሞላ ትንፋሽ ይሳቡ፣ የሚመታዎትን ሰው እንደሚጠብቁ ያህል ሆድዎን ያጠንክሩ፣ ያንን ይዘው ይውረዱና ወደ መቆሚያው ሲቃረቡ ብቻ ያስተንፍሱ። ይህ በሆድ ውስጥ የሚፈጠር ግፊት አከርካሪውን ከፊት በኩል ይደግፈዋል። ሆዱን እንዴት ወደ ጎን እንደሚገፋ ያልገባው ሰው መቀነት ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ ጠምጥሞ፣ ሲተነፍስ መቀነቱን በዙሪያው ሁሉ እንዲገፋ ቢለማመድ ቶሎ ይረዳዋል። መቀነቱ ግን ማስተማሪያ ብቻ ነው፤ ክብደት ለማንሣት እንደተሠራ ቀበቶ አይቆጠርም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሽን መያዝ ግፊቱን ስለሚጨምር አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ደረጃ አራት፦ ባዶ ባር

ባሩን ሁልጊዜ ከራክ (ባር ከሚቀመጥበት የብረት ማቆሚያ) ላይ ያንሡ። የራኩ መያዣ ከትከሻዎ ጥቂት ዝቅ ያለ ይሁን፤ በእግር ጣት ተንጠራርተው የሚያወርዱት ባር አደገኛ ነው። የደኅንነት ዘንግ ያለው ራክ ካለ ዘንጎቹን ከመውረጃዎ መጨረሻ ጥቂት ዝቅ አድርገው ይግጠሟቸው። ባሩን ከላይ በገለጽነው ቦታ አስቀምጠው፣ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው፣ ዴድሊፍት ሲሠሩ በሚቆሙበት ስፋት ይቁሙ። የእግርዎን መሐል፣ ተረከዝዎንና አውራ ጣትዎን በእኩል መሬት ላይ ይትከሉ።

አወራረዱ 3 ሰከንድ ይፍጅ። ከታች አንድ ሰከንድ ቆም ይበሉ፤ ከዚያ ተረከዝዎን ወደ መሬት እየገፉ ዳሌዎን ወደ ፊት ይመልሱት። ደረትዎን ለማንሣት አይሞክሩ፤ ዳሌው ሲመለስ ደረት ራሱ ይነሣል። ላይ ሲደርሱ መቀመጫዎን አጥብቀው ቀጥ ብለው መቆም በቂ ነው፤ ሆድን ወደ ፊት ገፍቶ ወደ ኋላ መንጋደድ ወገብን ያለ ምክንያት ይጫናል። ዓይንዎ ሲወርዱ ከፊትዎ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ወዳለ ወለል ይመልከት፤ ብዙ ሰዎች ራሳቸውን በመስታወት ለማየት አንገታቸውን ወደ ላይ ይቀስራሉ፤ ይህን ልምምድ ጀርባን ለመስታወት ሰጥቶ ወይም ከመስታወት ርቆ መሥራት ይሻላል።

በዚህ ደረጃ ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት የጉልበት መታጠፍ ነው። ክብደቱ ትንሽ ሲሰማ ሰውነት ሥራውን ለፊት ጭን ለማስተላለፍ ጉልበትን ወደ ፊት ይገፋል፤ ልምምዱም የተበላሸ ስኳት (ባር ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ የመነሣት ልምምድ) ይሆናል። ቅልጥምዎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጉልበትዎ አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው፤ ጓደኛዎ ከጎን ሆኖ ይህን ብቻ ቢከታተልልዎ ይበቃል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 3 ዙር በ8 ድግግሞሽ፣ ባዶውን ባር ለሁለት ሳምንት ይሥሩ። ቪዲዮው ላይ የመጨረሻው ድግግሞሽ የመጀመሪያውን የሚመስል ከሆነ ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ ካልመሰለ ይቆዩ።

ደረጃ አምስት፦ ክብደት መጨመርና ከዴድሊፍት ጋር ማቀናጀት

ጭማሪው በአንድ ጊዜ ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይሁን፤ ያውም በየሳምንቱ እንጂ በየልምምዱ አይደለም። ዒላማዬ ለአብዛኛው ሰው የዴድሊፍት ከፍተኛ ክብደቱ ከ25 እስከ 35 በመቶ ነው። በዴድሊፍት 100 ኪሎ ግራም የሚያነሣ ሰው ከ25 እስከ 35 ኪሎ ግራም፣ 140 የሚያነሣ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ግራም ይሠራል። በዴድሊፍት 60 ኪሎ ግራም ላይ ላለ ጀማሪ 20 ኪሎ ግራሙ ባዶ ባር ራሱ 33 በመቶ ስለሆነ ምንም መጨመር አያስፈልገውም። ባዶው ባር የሚከብደው ሰው ቀለል ያለ ባር ካላገኘ 10 ኪሎ ግራም አሸዋ የያዘ ከረጢት ደረቱ ላይ አቅፎ ያንኑ እንቅስቃሴ ቢሠራ ይሻለዋል። ራክ የሌለው ሰውም እንዲሁ ያድርግ፤ ባርን ከመሬት አንሥቶ በራስ ላይ አሳልፎ ትከሻ ላይ መጣል ለዚህ ልምምድ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። በዚህ ልምምድ የአንድ ድግግሞሽ ከፍተኛ ክብደት መሞከርም ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ከ6 ድግግሞሽ በታች የሚያስገድድ ክብደት ለጀማሪ አይመከርም።

ጉድ ሞርኒንግ ከዴድሊፍት በፊት አይሠራም፤ የደከመ ጀርባ ከባድ ባር ፊት መቆም የለበትም። ሰኞ ከባድ ዴድሊፍት የሚሠራ ሰው ሐሙስ ዕለት ከስኳት በኋላ 3 ዙር በ8 ቢሠራ ተስማሚ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ማድረግ ከፈለገ ሁለተኛውን ከዴድሊፍቱ ቀጥሎ በዚያው ቀን፣ በቀለለ ክብደት፣ 2 ዙር በ10 ያድርገው። አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር፦ የጀርባ ኃይል እያላቸው የመጨበጫ ኃይላቸው ቀድሞ የሚያልቅባቸው ሰዎች በዚህ ልምምድ ከሌሎቹ የዴድሊፍት ረዳቶች ይበልጥ ይጠቀማሉ፤ ባሩ በጀርባ ላይ ስለሆነ እጅ ሳይደክም ዳሌና ወገብ ይሠራሉ። ነገር ግን ዴድሊፍትዎ የሚቆመው ባሩ ከእጅዎ ስለሚያመልጥ ከሆነ ጉድ ሞርኒንግ ያንን አያስተካክልም፤ መጨበጫን ለብቻው ማሠልጠን ያስፈልጋል።

መቀነስ ወይም መተው ያለበት ጊዜ

ወገብ ከጂም ውጭም ይሠራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ቤተሰብን ለማገዝ ወደ ገጠር የሚወርድ ሠልጣኝ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ጤፍ ሲያጭድ ውሎ ማታ ባር ቢሸከም ጡንቻው የሚያገግምበት ጊዜ አያገኝም፤ በእነዚያ ሳምንታት ጉድ ሞርኒንግን መተውና የግድግዳውን ልምምድ ብቻ መያዝ ይገባል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም የበቆሎ ኩንታል በመጫንና በማውረድ የሚተዳደሩ ወጣቶችም ከባድ ጭነት በዋለበት ቀን ይህን ልምምድ አይጨምሩበት።

በዓቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጾሙ ሰዎች ልምምዱን ከተመገቡ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ቢያደርጉና ክብደቱን ሳይጨምሩ ባሉበት ቢቆዩ ይሻላል፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና ሽሮ በበቂ መጠን ከተበሉ የተገነባው ኃይል በጾሙ አይጠፋም። ሰሙነ ሕማማት ግን የተለየ ነው። ስግደት ዳሌን፣ የጭን ኋላ ጡንቻንና ወገብን በብዛት የሚያሠራ ስለሆነ፣ በተለይ ከስቅለት ዕለት በኋላ እግርና ወገብ ለቀናት ይዝላሉ። በዚያ ሳምንት ጉድ ሞርኒንግ አይሠራ፤ ከፋሲካ በኋላም ከነበሩበት ክብደት ግማሽ ላይ ጀምሮ በሁለት ሳምንት መመለስ ተገቢ ነው።

በማግሥቱ የጭን ኋላና የመቀመጫ ጡንቻ መዛል የሚጠበቅ ነው። በወገብ መሐል የሚወጋ፣ ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ የሚጨምር፣ ወይም ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ግን የጡንቻ ድካም አይደለምና ልምምዱን አቁሞ መታየት ያስፈልጋል።

ውጤቱን ለመመዘን በመጀመሪያው ሳምንት ከከፍተኛ ክብደትዎ 80 በመቶ በሚሆን ዴድሊፍት 3 ድግግሞሽ ሠርተው ከጎን ያስቀርጹ፣ ቪዲዮውንም ያስቀምጡ። ባዶ ባር ከጀመሩ ከስምንት ሳምንት በኋላ ያንኑ ክብደት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ማዕዘን ያስቀርጹ። የሚመለከቱት ባሩ ከመሬት ሲላቀቅ ዳሌና ትከሻ አብረው መነሣታቸውን ነው። አብረው ከተነሡ በዴድሊፍቱ ላይ ክብደት መጨመር ይችላሉ፤ ዳሌው አሁንም ከቀደመ በጉድ ሞርኒንጉ ክብደት ሳይጨምሩ፣ ከታች ያለውን ቆይታ ከ1 ወደ 3 ሰከንድ አስረዝመው ለተጨማሪ አራት ሳምንት ይቀጥሉ።